በምሥራቅ ሐይቅ ስላገኘናቸው ወዳጆች

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» የምንለው እንደ ጸሐፊዎች ልማድ ራሳችንን ብቻ ነው። ባልንጀሮቻችንን ጨምረን ስንናገር «ሁላችን» እንላለን። ይህን አስቀድመን ማስታወቃችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታሪኩ በአንዲት ጀልባ ላይ ሃያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ስለሚሠሩት ሥራ ስለ ሆነ፥ ማን ማን እንደ ሆነ ካልተለየ አንባቢው ግራ ይጋባል ብለን ነው።

በ2010 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ የቻይና መንግሥት በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ለማስተርስ ዲግሪ ለመማር ወደ ዉሃን ከተማ ሄድን። ያን ጊዜ ዕድሜያችን ሠላሳ አምስት ገደማ ነበር፤ ዛሬ አርባን ተሻግረናል። በልጅነታችን በጎጃም ከደብር ወደ ደብር እየተዘዋወርን ዜማና ቅኔ ተምረን ዲቁና ተቀበልን፤ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብተን፥ መምህር ሆነን ዐሥራ ሁለት ዓመት አስተማርን። ስለዚህ ወደ ዉሃን የገባነው እንደ ወጣት ተማሪ ሳይሆን፥ ወደ ክፍል ሲገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ የሚልለት ሰው ሆነን ነው። ይህ ነገር ኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሎናል።

ዉሃን ታላቁ የያንግዜ ወንዝ ከሃን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፥ ዉቻንግ፥ ሃንኮውና ሃንያንግ የሚባሉ ሦስት ከተሞች ተጋጥመው አንድ የሆኑባት፥ የሁቤይ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በሙቀቱ ወራት አየሩ እንደ እንፋሎት ያፍናል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ አብዛኞቹ ቤቶች እንደ ሰሜን ቻይና ከተሞች በማእከላዊ ማሞቂያ የሚሞቁ ስላልሆኑ፥ ብርዱ ከአጥንት ውስጥ ይገባል። እኛም ኅዳርንና ታኅሣሥን ጋቢ ለብሰን መጽሐፍ ፊት ተቀምጠን አሳለፍናቸው። ከመምህራኑ ቃል በቀር የሚያናግረን ሰው አልነበረም። በአንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ከአፋችን የወጣው ቃል ቢቆጠር ከዐሥር አይበልጥም፤ ከዐሥሩም ግማሹ «አመሰግናለሁ» ነው። እሑድ ጧት ቅዳሴውን በስልክ እናዳምጣለን፤ ተሰጥኦውን ብቻችንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንመልሳለን፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ አያልቅም። በልጅነት ከቤተ ሰብ ተለይቶ በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ናፍቆትን ያውቃል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ ጎጆው ውስጥ ዐሥር ሆኖ ነው የሚናፍቀው፤ ብቻውን መናፈቅ ሌላ ነው።

ስለ ምግብ ነገር አንድ ቃል ብንናገር አንባብያን ይቅር ይበሉን። በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ጧት ጧት የሚበላው «ረ ጋን ምየን» የሚባል ምግብ አለ፤ እንደ ፓስታ ያለ ሆኖ በተፈጨ ሰሊጥ የተለወሰ ነው። በጾም ወራት ያቆየን ይህ ነው። ኢትዮጵያ ለቻይና ብዙ ሰሊጥ የምትሸጥ አገር ስለ ሆነች፥ «ምናልባት ይህ የሁመራ ሰሊጥ ይሆናል» እያልን ራሳችንን እናጽናና ነበር።

ለቻይንኛ ቋንቋ ልምምድ እንዲያነጋግረን የተመደበልን አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። አገሩ ከሁቤይ በስተ ደቡብ ያለው የሁናን ክፍለ ሀገር ነው። ይህ ልጅ በየካቲት መጨረሻ አንድ ቀን፥ ስለ ሰዋስው ስናወራ በድንገት፥ «ላውሺ፥ ጀልባችን አንድ ሰው ጎድሎባታል፤ አንተ ትከሻህ ሰፊ ነው» አለን። «ላውሺ» ማለት በቋንቋቸው «መምህር» ማለት ነው። ይህ ማዕርግ ደስ ይለን ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄውን በቀላሉ እምቢ ለማለት አልቻልንም። ባሕርያችንን ወድዶ ወይም ብቸኝነታችንን አይቶ ጠራን ብንል ያማረ ይሆን ነበር፤ የጠራን ግን ሰው ስለ ጎደላቸው ነው።

ጀልባዋ «ሎንግ ጆ» ትባላለች፤ የዘንዶ ጀልባ ማለት ነው። ረጅምና ጠባብ ናት፤ ፊቷ የዘንዶ ራስ፥ ኋላዋ የዘንዶ ጅራት ሆኖ ተቀርጾ በቀለም ያጌጠ ነው። በዐሥር ረድፍ ሁለት ሁለት ሆነው ሃያ ቀዛፊዎች ይቀመጡባታል፤ ከፊት አንድ ከበሮ መቺ፥ ከኋላ በረጅም መቅዘፊያ አቅጣጫ የሚይዝ አንድ መሪ አለ። ውድድሩ በቻይናውያን የጨረቃ አቈጣጠር በዐምስተኛው ወር በዐምስተኛው ቀን በሚውለው የ«ድዋንዉ» በዓል ይደረጋል። በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በቻይና ሥራ የሚዘጋበት ሆኗል፤ በ2009ም ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሆንግ ኮንግ በ1976 የውጭ አገር ቡድን ጋብዛ ማወዳደር ከጀመረች ወዲህ ስፖርቱ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሮ፥ በ1991 የራሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተቋቋመለት። በዩኒቨርሲቲያችን የነበረው ቡድን ግማሹ ቻይናውያን፥ ግማሹ ከፓኪስታን፥ ከቬትናም፥ ከኬንያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። እኛ ከሁሉም በዕድሜ እንበልጥ ነበር።

የበዓሉ መነሻ ተብሎ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን በቹ መንግሥት ጪዩ ዩዋን የሚባል ባለቅኔና የንጉሥ አማካሪ ነበር። በሐሜት ከንጉሡ ፊት ተጣልቶ ተሰደደ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ278 ዓመት የአገሩ ዋና ከተማ በጠላት እጅ መውደቋን በሰማ ጊዜ፥ በሚሉዎ ወንዝ ራሱን ጣለ። የአካባቢው ሰዎች ሊያድኑት በጀልባ ሮጡ፤ ዓሣዎቹን ለማራቅ ከበሮ መቱ፥ ሩዝም ወደ ውሃው ወረወሩ ይባላል። ሃይማኖታችን ራስን ማጥፋትን አይቀበልም፤ ስለ ሟቹ የምንለው የለንም። በባሕር ዳርቻው ቆመን ይህን ታሪክ በሰማን ቀን ልባችንን የነካው የሮጡት ሰዎች ነገር ነው። ሁለት ሺሕ ዓመት አልፎ እስከ ዛሬ የሚቀዝፉት፥ አንድ ሰው ከውሃ ለማውጣት ዘግይቶ የደረሰ ሩጫ ነው። በከተማይቱ ውስጥ ያለው የምሥራቅ ሐይቅ፥ በቋንቋቸው ዶንግሁ፥ በዳርቻው ለዚሁ ባለቅኔ የተሠራ ሰገነትና ሐውልት አለው። ሁላችን የምንለማመደው በዚህ ሐይቅ ላይ ነበር።

ለመግባት ግን ሁለት ነገር አስቸገረን። አንደኛው የዘንዶው ነገር ነው። በየቤታችን ግድግዳ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዘንዶው ከፈረሱ እግር በታች በጦር ተወግቶ እናየዋለን፤ በቻይናውያን ዘንድ ግን ዘንዶ ዝናምን የሚያመጣ፥ የመልካም ነገር ምልክት ነው። ከውድድሩ በፊትም የዘንዶውን ዐይን በቀይ ቀለም ነጥበው የሚያነቁበት ሥርዐት አላቸው። ስለዚህ ወደ ነፍስ አባታችን ስልክ ደወልን። እርሳቸውም ነገሩን በትዕግሥት ሰምተው፥ «እንጨት ነው ልጄ። ለእንጨቱ አትስገድ፥ ከሥርዐቱም አትግባ፤ መቅዘፉን ግን ቅዘፍ። ደግሞ ከሰው ተለይተህ ብቻህን መቀመጥህ ነው እኔን ያሳሰበኝ» አሉን። ሁለተኛው ነገር ለነፍስ አባታችን ያልነገርነው ነው።

የቡድኑ አሠልጣኝ ኀምሳ ዓመት ያለፋቸው የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ጀልባይቱንም ከኋላ ሆነው የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። በመዝገብ ስንጻፍ፥ «ዋና ትችላለህ?» ብለው ጠየቁን። ከኋላችን ወጣቶቹ ተሰልፈው ይሰማሉ። እኛም «አዎን» አልን።

ዋና አንችልም ነበር። እንዲያውም ከውሃ የምንፈራውን ያህል የምንፈራው ነገር በዓለም አልነበረም። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለን፥ ለክረምት ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ስንሻገር፥ አብሮን ዜማ የሚማር አንድ ጓደኛችንን የሞላ ወንዝ ወስዶታል። እጁን ይዘነው ነበር። ይህን ታሪክ ለባለቤታችን እንኳ የነገርናት ከተጋባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው፥ በሃያ ዓመት ልጆች ፊት «አልችልም» ማለት አፍሮ «እችላለሁ» አለ። አንባቢ ይፍረድ።

ቦታችን በስድስተኛው ረድፍ በግራ በኩል ሆነ። የሁናኑ ልጅ ከጎናችን በቀኝ ተቀመጠ። ከበሮ ስላለ ነገሩ ይቀልልናል ብለን ነበር፤ ወረብ የወረበ፥ ጸናጽል የያዘ ሰው ምት ይጠፋዋል ብሎ ማን ያስባል? ዳሩ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከሃያዎቹ ሁሉ የምንስት እኛው ሆንን። ምክንያቱንም አሠልጣኙ ሲነግሩን ተደነቅን፤ ቀዛፊ ከበሮውን አይሰማም፥ ያያል እንጂ። ድምፁን ሰምቶ እጁን የሚያነሣ ሰው ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል። ስለዚህ ሁሉም ዐይኑን ከፊት በተቀመጡት በሁለቱ ቀዛፊዎች መቅዘፊያ ላይ ያደርጋል፤ ከበሮ መቺዋም ራሷ የምትከተለው እነዚህን ሁለቱን ነው። በማኅሌት ጆሯችን መምህራችን ነበር፤ በጀልባ ግን ጆሯችንን ዘግተን በዐይናችን መማር ግድ ሆነብን።

ሁለተኛውም ስሕተታችን እንደዚሁ ነበር። እኛ በክንዳችን ኀይል እንስብ ነበር። አሠራሩ ግን ከወገብ ተጣምሞ፥ ከጀልባይቱ ጠርዝ ውጭ ዘንበል ብሎ፥ መቅዘፊያውን አርቆ በውሃው ውስጥ መቅበር፥ ከዚያም እግርን ከፊት ባለው እንጨት ላይ ገፍቶ በጀርባ መሳብ ነው፤ ዳሌ ጋር ሲደርስም ወዲያው ማውጣት። በጣና ላይ ታንኳ ሲሄድ ስናይ ያደግን ስለ ሆነ መቅዘፍ የአንድ ሰው ሥራ ይመስለን ነበር፤ ባለታንኳው ዘንጉን ይዞ እንደ ፈቃዱ ይሄዳል። በዚህች ጀልባ ግን ኀይለኛ ሆኖ ምት የሚስት ሰው፥ ደካማ ሆኖ ምት ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ ይጎዳል፤ መቅዘፊያው ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ይጋጫል፥ ጀልባይቱም ትንገዳገዳለች። ከበሮ መቺዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ቀጭን ልጅ ነበረች። ይህች ልጅ በሐይቁ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፥ «ስድስት ግራ! ቸኮልክ!» ስትለን፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስናስተምር እንዲህ ያደረግናቸው ልጆች ሁሉ ትዝ አሉን።

ዐቢይ ጾም ነበር። ልምምዱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ስለሚጀምር፥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾማችንን ፈትተን ሩዝና ጎመን በልተን እንሄዳለን። የጾም ነገር ለማንም አልተናገርንም። ከበሮ መቺዋ መክሳታችንን አይታ ገንዘብ ያጣን መሰላት፤ ከልምምድ በኋላ ሁላችን አብረን ስንበላ፥ የተቀቀለ እንቁላል ከሳህኗ አንሥታ በሳህናችን ላይ ታደርጋለች። ሁለት ጊዜ መለስንላት። በሦስተኛው ተቀየመች። ያን ጊዜ በሰባራ ቻይንኛ ጾም ምን እንደ ሆነ ገለጽንላት፤ «እስከ መቼ ነው?» አለች፥ ቀኑን ነገርናት፥ በስልኳ ጻፈችው። ነገሩ ተረሳ። በ2010 ዓ.ም. ትንሣኤ መጋቢት 30 ቀን ዋለ። ሌሊቱን ብቻችንን ስንጸልይ አድረን ጧት በራችንን ስንከፍት፥ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ሃያ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጦ አገኘን። በእያንዳንዱ ላይ በእስክርቢቶ ቁጥር ተጽፏል፤ የቡድኑ ሰው ሁሉ፥ አሠልጣኙም ጭምር፥ አንድ አንድ ሰጥተዋል። ሃያ አንድ እንቁላል ለአንድ ሰው ምን ይሆናል? ከኬንያው ልጅ ጋር ሦስት ቀን በላነው።

ከዚህ በኋላ ውሸታችን ይከብደን ጀመር። ከእንቁላሉ በፊት የነገርነው ለአንድ መዝገብ ነበር፤ ከእንቁላሉ በኋላ ግን ለሃያ አንድ ሰው የተነገረ ሆነብን። ቢሆንም አልተናገርንም።

በሚያዝያ ወር መካከል፥ ነፋስ ባለበት ቀን፥ ከሐይቁ መካከል አንድ የሞተር ጀልባ አልፎ ማዕበሉ በጎን መታን። ጥቂት ውሃ ገባ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ መቅዘፊያን ጠፍጣፋ አድርጎ ውሃው ላይ አስደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እኛ ግን ውሃው እግራችንን በነካ ጊዜ ደነገጥንና ከቦታችን ተነሥተን ወደ ቀኝ ዘለልን። ጀልባይቱ ተገለበጠች። ማዕበሉ አልገለበጣትም፤ እኛ ነን የገለበጥናት። ይህን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ሁላችን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰን ስለ ነበር መስጠም አልነበረም። ይህን ግን ያን ጊዜ አእምሯችን አላወቀውም። በውሃው ውስጥ ያገኘነውን ነገር ያዝን፤ የያዝነውም የሁናኑን ልጅ አንገት ነው። አጥብቀን ያዝነው። ልጁ ከእኛ ክብደት የተነሣ ራሱ ሁለት ጊዜ ከውሃው በታች ገባ። ሲወጣ አልጮኸም፥ አልገፈተረንምም፤ አንድ እጃችንን ከአንገቱ አላቅቆ በተገለበጠችው ጀልባ ጠርዝ ላይ አደረገና በላዩ ላይ የራሱን እጅ ጫነ።

በዚህ ስፖርት አንድ ደንብ አለ። ጀልባ ሲገለበጥ መሪው ረድፎቹን ከፊት ጀምሮ በቁጥር ይጠራል፤ በየረድፉ ያሉት ሁለቱ፥ እያንዳንዱ ጎረቤቱን አይቶ፥ ይመልሳሉ። አንዱ ረድፍ ሳይመልስ የሚቀጥለው አይጠራም። አሠልጣኙ ከውሃው ውስጥ ሆነው «አንድ!» አሉ፤ ተመለሰ። «ሁለት!» ተመለሰ። «ስድስት!» ሲሉ ግን እኛ ውሃ ጠጥተን ስለ ነበር ድምፅ ከአፋችን አልወጣም። ጥሪው ቆመ። ሐይቁ ጸጥ አለ። ልጁም ሳለና፥ «ስድስት፥ ሁለታችንም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው «ሰባት!» የተባለው።

በዳርቻው ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን፥ ዋና እንደማንችል፥ ስንመዘገብም እንደ ዋሸን ለሁሉም ተናገርን። የልጁ አንገት ቀልቶ ነበር። ያባርሩናል ብለን ጠብቀናል፤ ቢያባርሩንም እውነታቸው ነው። አሠልጣኙ ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ኀምሳ ሜትር እስክትዋኝ ድረስ ጀልባ ላይ አትወጣም። ቦታህ ግን ለሌላ አይሰጥም» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያልጠበቅነው ነው። አንድ ሰው ከግራ ከጎደለ ሚዛን ስለሚዛባ ከቀኝም አንድ ሰው መውረድ አለበት። የሁናኑ ልጅ፥ «እኔ እወርዳለሁ» አለ። ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከቀኞቹ ሁሉ የበለጠ ቀዛፊ ነው። የሞተ ወንድም ያህል ያለቀሰ አልነበረም፤ ደስም አላለውም፤ ወረደ ብቻ።

እነሆ አራት ሳምንት፥ ሌሎቹ ሐይቅ ላይ በሚለማመዱበት ሰዓት፥ እኛና ልጁ በዩኒቨርሲቲው የዋና ገንዳ ውስጥ ነበርን። መጀመሪያ ፊታችንን ውሃ ውስጥ አድርገን መተንፈስ ተማርን፤ ይህ ብቻ ስድስት ቀን ወሰደ። አጠገባችን የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃናት ይዋኛሉ፤ ጢም ያለው ጥቁር ሰው የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ሲንደፋደፍ አይተው ይስቃሉ። ልጁ አይስቅም፥ አያሞግስም፥ አይቆጣም። እኛ ሰው ሲያቅተው ለማስተማር ይህን ያህል ትዕግሥት ኖሮን አያውቅም። አንድ ቀን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን፥ ስለዚያ ወንዝ ስለ ወሰደው ጓደኛችን ነገርነው። ቻይንኛው ስላልበቃን ግማሹን በእንግሊዝኛ፥ ግማሹን በእጃችን ነው የተናገርነው። ሲሰማ ቆይቶ ምንም አልመለሰም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን «ላውሺ» ማለቱን ትቶ «ዳገ» ይለን ጀመር፤ በእኛ አገር «ጋሼ» እንደ ማለት ነው። ሌሎቹም ከእርሱ ሰምተው «ዳገ» አሉን። ማዕርጋችን ቀረ፤ ሳንናደድ ቀረ።

ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ አገር የምትልኩ አባቶችና እናቶች፥ በስልክ «በላህ ወይ? ተማርክ ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን፤ እኛንም እንዲሁ ይጠይቁን ነበር። «ብትቀር ማን ይፈልግሃል?» ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።

በግንቦት አጋማሽ ኀምሳውን ሜትር ዋኘን፤ አሠልጣኙ በሰዓት ሳይሆን በዐይናቸው ለኩን፥ «ግባ» አሉን። የድዋንዉ በዓል በዚያ ዓመት ሰኔ 11 ቀን ዋለ። በዋዜማው የዘንዶውን ዐይን ሲነጥቡ እኛ መቅዘፊያዎቹን ይዘን ፈንጠር ብለን ቆምን፤ አሠልጣኙ አስቀድመው ለሁሉም ተናግረው ስለ ነበር ማንም ምነው አላለም። የፓኪስታኑም ልጅ ከእኛ ጋር ቆመ።

የሰኔ ጾም ነበር። በበዓሉ ሰው ሁሉ የሚበላው «ዞንግዚ» የሚባል፥ የሚጣበቅ ሩዝ በቅጠል ተጠቅልሎ በክር ታስሮ የሚቀቀል ምግብ ነው፤ የእኛን አገር በኮባ ቅጠል የሚጋገር ዳቦ ያስታውሳል። አንዳንድ ጊዜ የአሳማ ሥጋና የእንቁላል አስኳል ይገባበታል። ጧት ወደ ሐይቁ ስንሄድ የሁናኑ ልጅ እናቱ የላከችውን ጥቅል አወጣ፤ በቀይ ክር የታሰሩት የሥጋ፥ በነጭ ክር የታሰሩት የቀይ ባቄላ ናቸው። ነጮቹ ስምንት ነበሩ። «ስብም እንቁላልም የለበትም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄአታለሁ» አለን። እናቲቱን አይተናት አናውቅም።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምንለው የለንም። ኀምሳ ዐሥር ጊዜ፥ ማለት ዐምስት መቶ ሜትር ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ከዳር ሕዝቡ «ጂያዮ! ጂያዮ!» እያለ ይጮኻል፤ ቃሉ «ዘይት ጨምር» ማለት ነው። ከመካከል በኋላ ከፊታችን ካሉት ጀርባዎችና ከሁለቱ የፊት መቅዘፊያዎች በቀር ያየነው የለም። ከስድስት ጀልባ አራተኛ ወጣን። ከበሮ መቺዋ አለቀሰች፤ እኛ ግን ደስታችንን መደበቅ አቅቶን ተሣቀቅን።

በ2011 ዓ.ም. ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ አገራችን ተመለስን። የሁናኑ ልጅ እዚያው ለሁለተኛ ዲግሪ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ጥር 14 ቀን፥ የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በአዲሱ በሽታ ምክንያት የዉሃን ከተማ መውጫና መግቢያ ተዘጋ። ልጁ ወደ ወላጆቹ የሚሄድበትን የባቡር ቲኬት የቆረጠው ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ከተማይቱ እስከ መጋቢት 30 ቀን ድረስ ተዘግታ ቆየች። እኛም ሠፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ዉሃን እንደ ሩቅ ተረት ሲያወራ እየሰማን፥ ማታ ማታ ስልካችንን እናያለን።

በየካቲት መጀመሪያ፥ የስፖርት አዳራሾች ሆስፒታል በሆኑበት ሰሞን፥ አሠልጣኙ በቡድኑ የዊቻት ገጽ ላይ ሌላ ምንም ሳይጽፉ፥ «አንድ» ብለው ጻፉ። የፊተኞቹ ሁለቱ፥ አንዱ ከሃኖይ አንዷ ከዚያው ከዉሃን፥ መለሱ። «ሁለት።» ተመለሰ። ከየአገሩ ሌሊት የሆነበትም ቀን የሆነበትም ይመልስ ነበር። «ስድስት» በተባለ ጊዜ፥ «ስድስት ግራ፥ አለሁ» ብለን ጻፍን። ከቀኝ ግን መልስ አልመጣም። «ሁለታችንም» ብለን ልንጽፍ ጣታችን ሄደ። ዳሩ ግን እርሱ በሐይቁ ውስጥ ስለ እኛ የመለሰው እጃችንን ይዞ ስለ ነበር ነው፤ እኛ የያዝነው እጅ አልነበረም። ሳንጽፍ ቀረን። አሠልጣኙም «ሰባት» አላሉም። አንድ ቀን አለፈ፥ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሃያ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። በክፍል ውስጥ ስናስተምር ስልካችንን በኪሳችን እንነካካ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፥ የዳዊታችንን ድርሻ ደግመን ልንተኛ ስንል፥ ስልኩ በራ። «ስድስት ቀኝ፥ አለሁ። ትኩሳት ይዞኝ ሆስፒታል አስገብተውኝ ነበር፤ ስልኬ ባትሪ አልነበረውም። ዳገ፥ እየዋኘህ ነው?» ይላል።

ምን እንደምንመልስ ስናስብ፥ አሠልጣኙ «ሰባት» ብለው ጻፉ።